የጋሽ ጥሩምባ ሳፋ

ጋሽ ጥሩምባ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የጋራዥ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ወደ ምክር ቢሮዬ ሲመጡም ይዘውት መጡ። «በሌላ ስም ብትጠሪኝ ዞሬ አላይም» አሉኝ። ድምፃቸው ዕድሜውን ሙሉ ከሞተር ጋር ሲፎካከር የኖረ ድምፅ ነው። «እንደምን አደርሽ» ሲሉኝ እንኳ የጎረቤት ቢሮ ሰዎች ግድግዳውን ይደበድባሉ።

ወደ እኔ ያመጣቸው ግን ድምፃቸው ሳይሆን ቁጣቸው ነው። መድኃኒት ቤት የምትሠራ አንድ ልጅ አለቻቸው። ስልኬን አላነሳችም ብለው ሥራ ቦታዋ ድረስ ሄደው፣ መድኃኒት ሊገዛ በተሰለፈው ሰው ሁሉ ፊት ጮኹባት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ደጃቸውን ረግጣ አታውቅም። በመሀሉ ወንድ ልጅ ወለደች፤ አያትየው እስካሁን በዓይናቸው አላዩትም። በመጨረሻ የላከችባቸው መልእክት አጭር ነበር፦ «አማካሪህ ቢሮ አንድ ቀን እመጣለሁ። ሳትጮህ እስከ መጨረሻው ከሰማኸኝ ልጁን ታያለህ። ከጮህክ ግን በቃ።»

የእኔ ሥራ ለዚያ ቀን እሳቸውን ማዘጋጀት ነበር። የምሠራበት መንገድ ዳያሌክቲካል የባህሪ ሕክምና ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሐሳቡ የሚገባ ነው፤ ሰውየውን እንዳለ ትቀበለዋለህ፣ እንዲለወጥም ትገፋዋለህ፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ። ደግሞ በወሬ ብቻ አይሆንም። ክህሎቱን አሳይተህ፣ አብረህ ተለማምደህ፣ ቤቱ ሄዶ እንዲሞክረው ትልከዋለህ።

ለጋሽ ጥሩምባ ያስቀደምኩት ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ሐኪም ልባቸውን አይቶ ደህና ነው ካለ በኋላ፣ በረዶ የተጨመረበት ሳፋ ውስጥ ትንፋሻቸውን ይዘው ፊታቸውን እንዲነክሩ አሳየኋቸው። ቱግ ላለ ሰው ምክር አይገባውም፤ ፊቱ ሲቀዘቅዝ ግን የልቡ ምት ዝቅ ይላል፣ ለማሰብም ፋታ ያገኛል። ለማሳየት ራሴም ነከርኩ። ኩሌ ጉንጬ ላይ ወርዶ ሲያዩ እስኪያስላቸው ሳቁብኝ።

ከሳምንታት በኋላ «ያንቺ ውሃ አይሠራም» ብለው መጡ። እንዲያውም እንቅልፍ እንቅልፍ ይላቸዋል። እንዴት እንደሚያደርጉት ጠየቅኳቸው።

«ውሃውን ለብ አደርገዋለሁ፤ ከዚያ ፊቴን እነክራለሁ።»

«ለብ? ለምን?»

«እህቴ፣ የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋም። ይሰነጠቃል።»

እርር አልኩ። ስንት ሳምንት ሙሉ ሰውየው ለብ ባለ ውሃ ፊታቸውን እየታጠቡ ሲተኙ ከርመዋል። ልቆጣ አፌን ስከፍት ሳቄ ቀደመኝ። «እርስዎ ሞተር አይደሉም፤ ሥጋና ደም ነዎት» አልኳቸው። «ባለቤቴም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ይህንኑ ትለኝ ነበር» አሉ። ያኔ ወደድኳቸው። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ ነገሩ እንዲሳካላቸው የምመኘው እንደ ባለሙያ ብቻ አልነበረም።

ቀኑ ደረሰ። ጋሽ ጥሩምባ ሸሚዝ አስተኩሰው፣ ከጥፍራቸው ሥር ያለውን ግሪስ ፍቀው፣ ከቀጠሮው ቀደም ብለው መጡ። «ገና አንድ ቃል ሳትናገር ደሜ ፈላ» አሉ። በረዶ የጨመርኩበትን ሳፋና ፎጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ አየር ሳቡ፣ ፊታቸውን ነከሩ።

በሩ የተከፈተው ይሄኔ ነው። ለካ ልጅቷም የአባቷ ልጅ ናትና ቀድማ መጥታለች። ያየችው አባቷ ሳፋ ውስጥ ተደፍተው፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ሰዓቴን ስመለከት ነው። ቦርሳዋን ጥላ ሮጠች፤ ኮሌታቸውን ጨምድዳ ወደ ኋላ ሳበቻቸው። ሳፋው ተንጋደደና ግማሹ ውሃ ፎጣውና ጫማዬ ላይ ፈሰሰ።

«ምን እያደረግሽው ነው?» አለችኝ። ግድግዳው ተደበደበ። የማን ልጅ እንደሆነች መጠየቅ አያስፈልግም ነበር።

ጋሽ ጥሩምባ አፋቸውን ከፈቱ።

«ደህና ነኝ፣ የኔ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው። «እንዳልጮህብሽ እየተለማመድኩ ነው።»

እጇ ኮሌታቸው ላይ ቆየ። በኋላ ትዝ ሲላት አነሳችው።

ጋሽ ጥሩምባ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ፤ ተቀመጥንና ጀመረች። «ሰዉ ሁሉ እያየኝ ነበር፣ አባዬ። ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም፤ የተሰለፉት መድኃኒታቸውን ይጠብቃሉ። አንገቴን ደፍቼ ሰጠኋቸው። ደግሞ የመጀመሪያህ አልነበረም። ትምህርት ቤትም መጥተህ እንዲሁ አድርገኸኛል።»

የአንገታቸው ሥር ተገተረ። «ትምህርት ቤትማ እኔ...» ድምፃቸው ወደ ጋራዡ መመለስ ጀመረ። እኔም ውስጤ ቱግ አለ፤ «ዝም ይበሉ!» ልላቸው ምንም አልቀረኝም። ግን እኔ ዝም አሰኝቻቸው ልጅቷ ምን ታገኛለች? ጠረጴዛው ላይ የወደቀች የበረዶ ቁራጭ አንስቼ መዳፌ ውስጥ ጨበጥኩና ጥርሴን ነከስኩ።

ጋሽ ጥሩምባ ብድግ አሉ። ልጅቷ ወንበሯ ላይ ሸሸት አለች። እሳቸው ግን እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ።

«አንዴ ልግባ?» አሉ ሳፋውን እያዩ።

ልጅቷ ትክ ብላ አየቻቸው። ከዚያ እጇን ዘርግታ መነጽራቸውን ከአፍንጫቸው ላይ አነሳችላቸው።

«ግባ።»

ገቡ። አሁን ሰዓት የምታየው እሷ ነበረች፤ አላስችል ሲላት ትከሻቸውን ነካ አደረገች። ቀና አሉ።

«ትምህርት ቤትም ጮሄብሻለሁ» አሉ። «ልክ ነሽ። ቀጥይ።»

ቀጠለች። አንዳንዱ ለእኔ እንኳ ለመስማት ይከብድ ነበር። እሳቸው ውሃው ከአገጫቸው እየተንጠባጠበ፣ አንድም ቃል ሳያስገቡ እስከ መጨረሻው ሰሟት። አንጀቴን በሉት።

ስትጨርስ ፎጣ ልሰጣቸው ዞር ብል ፎጣው ርሷል። ልጅቷ ከቦርሳዋ ትንሽ ጨርቅ አውጥታ አቀበለቻቸው። ፊታቸውን ጠረጉ። ጠርገው ጨርሰውም ጨርቁን ከአፍንጫቸው አላነሱም።

«ወተት ወተት ይላል» አሉ። «የሱ ነው?»

«የሱ ነው።» መነጽራቸውን መለሰችላቸው። «አሁንም ተቀይሜሃለሁ። ቅዳሜ አጥበህ አንተው ታመጣለታለህ።»

ጋሽ ጥሩምባ ጨርቁን በጥንቃቄ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ሳላጥበው ባመጣውስ?» አሉ፣ እኔ ሰምቼው በማላውቀው ዝቅተኛ ድምፅ።