ፊቱን ያዞረ አልጋ

ሳሮጅ ካገባች ወዲህ በባሏ አባት በራምፋል ፊት ድምፅዋን አሰምታ አታውቅም። በአገሩ ልማድ ምራት በባሏ አባት ፊት ፊቷን ትሸፍናለች፤ የምትናገረው ካላትም በሌላ ሰው ታስነግራለች። ስለዚህ ራምፋል ራሳቸው፣ "በአባቷ መንደር ካባዲ ትጫወት ነበር አሉ፤ እዚህስ ማን ከለከላት?" ያሉ ዕለት፣ ደስታዋን የነገረችው ለምታልባት የቤት ጎሽ ነበር።

በግጥሚያው ቀን ራምፋል ምራታቸውን ለማክበር የገመድ አልጋቸውን አስመጥተው ሜዳው ዳር ተቀመጡ። ጋያቸውን እየሳቡ ሳሮጅን ይጠብቃሉ።

ሳሮጅ ወደ ተጋጣሚዎቹ ሜዳ ገባች። አጥቂ በአንድ ትንፋሽ "ካባዲ፣ ካባዲ" እያለች ገብታ፣ ተጋጣሚ ነክታ፣ ትንፋሿ ሳያልቅ ወደ መሐል መስመሩ መመለስ አለባት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ።

"ካባዲ ስትዪ አልተሰማሽም! ተመለሺ!"

"ሙሽሪት ጸሎት ላይ ናት፤ አትረብሿት!" አለች አንዷ ተጋጣሚ። ሜዳው በሳቅ ተሞላ።

የቡድኑ አለቃ የባሏ እህት ካምሌሽ ናት። ክንዷን ያዘቻት። "ምን ነካሽ? ልምምድ ላይ ጆሯችንን የምታደነቁሪው አንቺ አይደለሽ?"

"አባባ ተቀምጠዋል" አለች ሳሮጅ በሹክሹክታ።

ነጥቡ እኩል ነው፤ የቀረው አንድ ማጥቃት ብቻ ነው። የሳሮጅን ያህል ፈጣን ደግሞ የለም። ካምሌሽ ዞር ብላ ጮኸች።

"አባዬ! ምራትዎን ዲዳ ያደረጓት እርስዎ ነዎት!"

ሳሮጅ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ራምፋል የጋያውን ቱቦ ከአፋቸው አወጡ። ትንሽ አሰቡና ተነሥተው አልጋውን በገዛ እጃቸው አዞሩት፤ ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው ተቀመጡ።

"ኧረ ራምፋል፣ ጨዋታው በዚህ በኩል ነው!" አሏቸው ጓደኛቸው።

"የሰናፍጭ ማሳዬን ልይ። ዛሬ ደግሞ ጆሮዬ አይሰማም።"

ሳሮጅ የመስመሩን አፈር ነክታ ግንባሯን ነካች። "ካባዲ፣ ካባዲ፣ ካባዲ..." ድምፅዋ መጀመሪያ ጎርነን አለ፤ ከዚያ ሜዳውን ሞላው። የዳር ተከላካይዋን ትከሻ ነካች። ስትመለስ ሁለት ተከላካዮች ቁርጭምጭሚቷን ይዘው ጣሏት። ትንፋሿ ሊያልቅ ሲል በሆዷ እየተሳበች እጇን ዘረጋች፤ ጣቶቿ መስመሩን ነኩ።

ፊሽካው ተነፋ። ጓደኞቿ ሊሸከሟት ሲሮጡ አመለጠቻቸው። ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ፣ ጉልበቷ እየደማ፣ ወደ አልጋው ሄደች። ይህን ማጥቃት ከሁሉ ይልቅ ሊያዩ የመጡት እሳቸው ነበሩ፤ ያላዩትም እሳቸው ብቻ ናቸው። ጎንበስ ብላ እግራቸውን ነካች።

ራምፋል ዓይናቸውን ከሰናፍጩ አላነሡም። "ካምሌሽ፣ አሸነፍን?"

ካምሌሽ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ሳሮጅ ቀደመቻት።

"አሸነፍን፣ አባባ።"

ሽማግሌው እጃቸውን ራሷ ላይ አኖሩ።

"ጆሮዬን ሳይሻለኝ አልቀረም" አሉ።