እማዬ አረፈች

ሥራዬ መተኮስ ነው። ወታደር አይደለሁም፤ ላውንደሪ ቤት የሰው ሸሚዝ ነው የምተኩሰው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምውል ማታ ቤት ስገባ እግሬ የኔ አይመስለኝም። ቤት ደግሞ እማዬ አለች። ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ ሌሊቱን ስታቃስት ነው የምታነጋው። እኔም ትራሷን ሳስተካክል፣ ውሃ ሳቀብል፣ ደግፌ ሽንት ቤት ሳደርስ አብሬያት አነጋለሁ። ጠዋት ካውያውን ስይዝ ዓይኔ ይከደናል። ባለፈው ቆሜ አሸልቤ የአንዱን ደንበኛ ሸሚዝ አንገትጌ አሳረርኩት። አሠሪዬም "ይሄ ነገር ከተደገመ እንለያያለን" ብላ ቁርጡን ነገረችኝ።

ወንድም አለኝ፣ ታናሼ ነው። የሚኖረው ከተማው ማዶ ሲሆን አንድ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። እማዬ "ሹሜ" ትለዋለች፤ ከእሷ በቀር የሾመው ሰው ግን እስካሁን አላየሁም። በስልክ ሲያወራት ምላሱ ማር ነው። "የኔ እናት፣ ሰሞኑን ብቅ እላለሁ" ይላታል። ይህ "ሰሞኑን" የሚባለው ቀን መቼ እንደሚውል ሁለታችንም አናውቅም። ሰኞ ማታ አንጀቴ አሮ ደወልኩለት።

"ስማ፣ ጥቂት ሌሊት እየመጣህ እደርልኝ። እንቅልፍ ካላገኘሁ ወይ ከሥራ እባረራለሁ ወይ አንዱ ቦታ ተደፍቼ እቀራለሁ።"

"እማዬ ትሙት እትዬ፣ ፈቃድ ጠይቄ ከልክለውኛል! አለቃዬን አታውቂውም እኮ፣ ድንጋይ ነው።"

"በእማዬ አትማል" አልኩና ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

በማግሥቱ የዕረፍት ቀኔ ነበር። ስተኛ ልውል አስቤ ነበር፤ እማዬ ግን ገና በጠዋቱ "ሣር ላይ ጋደም ማለት አማረኝ" አለች። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሕንፃው ደግሞ አሳንሰር የለውም። እምቢ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ፊቷን ሳይ መልሼ ዘጋሁት። አንድ አንሶላ በቦርሳዬ ከትቼ፣ ክንዷን ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ በየደረጃው እየተቀመጥን ወረድን። መናፈሻው ከሕንፃችን ጀርባ ነው፤ የምንሻገረው መንገድ አንድ ብቻ ነው። እሱንም ስንሻገር ሾፌሮቹ ሁሉ ጡሩንባቸውን ነፉብን። እማዬ ምርኩዟን አነሳችባቸው።

በሩን አልፈን ስንገባ ጫጫታው ቀነሰ። የታጨደ ሣር ይሸታል። አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ጡረተኞች ጋዜጣ ዘርግተው ያንቀላፋሉ። ከዋናው መንገድ ዳር ግን "ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው" የሚል ትልቅ ማስታወቂያ ቆሟል። ከአጠገቡ ፊሽካ ያንጠለጠለ ጥበቃ አለ።

"እማማ፣ ማስታወቂያውን አላዩትም?" አለ።

"አይቼዋለሁ ልጄ። መርገጥ ነው የሚለው። እኔ በየትኛው ጉልበቴ እረግጠዋለሁ? ልተኛበት ነው እንጂ።"

ጥበቃው ዞር ብሎ ማስታወቂያውን አንድ ጊዜ አነበበውና ሳቁ አመለጠው። "እሺ፣ ከዛፏ ሥር ይሁኑ። ተቆጣጣሪ እንዳያይብኝ ብቻ" ብሎን ሄደ።

አንሶላውን አንጥፌ አስተኛኋት። እጇን ወደ ሣሩ ሰደድ አድርጋ ጥቂት ዳሰሰችው፤ ከዚያ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ማቃሰት የለ፣ መገላበጥ የለ። ትንፋሿ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይገባል። እንዲህ ተኝታ ካየኋት ስንት ጊዜዬ ነው! እንባዬ መጣ። ዝንብ እንዳያስቸግራት ሻሿን ፊቷ ላይ ጣል አደረግሁላት። ወንድሜ ላይ ልናደድ ብፈልግም አቅም አልነበረኝም። እሱም ቢሆን ልጇ ነው፣ ደስ ይበለው ብዬ ዓይኔ እየተከደነ መልእክት ጻፍኩለት፦ "እማዬ አረፈች። መናፈሻው ውስጥ ነን።" አሠሪዬ እንዳትደውልብኝ ድምፁን አጠፋሁና ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ወርውሬ ከጎኗ ተዘረርኩ።

የቀሰቀሰኝ ለቅሶ ነው። ወንድሜ ክራባቱ ትከሻው ላይ ዞሮ፣ ተንበርክኮ፣ የእማዬን እግር አቅፎ ይንሰቀሰቃል።

"እኔ ነኝ የገደልኩሽ! ፈቃድ ጠይቄ አላውቅም! በውሸት ነው የማልኩብሽ እማዬ!"

እንቅልፉ ገና አልለቀቀኝም ነበር። የሚለው ሁሉ ይሰማኛል፣ ግን ምን እንደሆነ አልገባኝም። እማዬ ቀደመችኝ።

"ሹሜ? ማን ሞተ?" አለች ከሻሹ ሥር።

ወንድሜ ጮኾ ወደ ኋላው ወደቀ። ጥበቃው ፊሽካውን እየነፋ መጣ፤ ሲያየን ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ እንደቆመ ቀረ። ወንድሜ ስልኩን ዘረጋልኝ። የገዛ መልእክቴን አነበብኩት፤ ክው አልኩ።

"አረፈች... ተኛች ማለቴ እኮ ነው!"

"ታዲያ ተኛች አትይም?"

"ሌሊቱን ሙሉ ስታቃስት የምታነጋ ሰው ስታርፍ ምን ልበል? መጥተህ ብታየው ኖሮ ይገባህ ነበር!"

እማዬ ተደግፋ ቀና አለች፤ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች። የሰማችውን ሰምታለች።

"ፈቃድ አልጠየቅክም እንዴ?" አለችው።

አንገቱን ደፋ። ይሄኔ ስልኩ ጮኸ። አለቃው ነው። ሲያነሳው የሰውዬው ድምፅ ለሁላችንም ተሰማ።

"አይዞህ ልጄ፣ እግዜር ያጽናህ። ሮጠህ ስትወጣ አንድ ቃል ሳልነግርህ ቀረሁ። እናት እኮ ናት። ሳምንቱን ሙሉ እንዳትመጣ፣ ሥራውን እኛ እንሸፍነዋለን።" ድንጋይ የተባለው ሰውዬ ይሄ ነው።

"አ... አመሰግናለሁ" አለ ወንድሜ። ስልኩ ተዘጋ። እኔ ሳቄ ሊመጣ ነበር፤ የእማዬን ፊት ሳይ ተመለሰ።

"ሳምንት ሙሉ ሰጡህ?"

"አዎ እማዬ። አሁኑኑ ደውዬ እነግራቸዋለሁ፤ እንዲህ ማታለል ነውር ነው።"

"ተወው፣ አትደውል" አለች። ድምፏ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ድካም ብቻ ነው። "ማታለል አይደለም፣ ቀድመህ ወሰድከው እንጂ። የኔ መሞት የት ይቀራል? ለሞቴ የሰጡህን በቁሜ ስጠኝ። የሞትኩ ዕለት ሥራህ ግባ።"

ወንድሜ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ክራባቱን ፈታ፣ ጫማውን አወለቀ፤ ከዚያ እግሯ ሥር ቁጭ አለና ጉልበቷን ማሸት ጀመረ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ተኛሁ።