የሚዘለለው ድምፅ

«የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ፒያኖውን ልታስወጪው ነው?» አለች አክስቷ፣ የሻይ ትሪውን እንደያዘች። ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት ነው እንጂ ሳሎን የተቀመጠው ለቀስተኛ ሁሉ ሰምቷታል።

«እትዬ፣ ቦታ ይዟል። ሰው መቀመጫ አጣ እኮ።»

«ሰውማ ተቀምጧል። ለእኔ ሌላ ሰበብ ፈልጊልኝ።»

የሟቹ ልጅ ትሪውን ተቀበለቻት። ልጅቷ እንበላት እንጂ ጠጉሯ ሽበት ጀምሮታል። አክስቷ ግን ልክ ነበረች፤ የቦታ ነገር ሰበብ ነው። ያንን ፒያኖ ዓይኗ እንዲያየው አትፈልግም፣ በቃ። አባቷ ያስተምርበት ለነበረው ትምህርት ቤት ሰጥታዋለች። የጭነት መኪናው ከሰዓት ይመጣል፣ ያን ጊዜ ትገላገላለች።

ለቀስተኞቹ ብዙዎቹ እዚሁ ሳሎን ያስተማራቸው የድሮ ተማሪዎቹ ናቸው። ሟችን በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ «ጋሽ ዝም በሉ» ነበር የሚሉት። ትምህርቱን ሁልጊዜ በዚያ ነው የሚጀምረው። «ዝም በሉ!» ይላል፣ መስኮቱን ወለል አድርጎ ይከፍታል፣ ከዚያ ሁሉም ጆሮውን ወደ ግቢው ይሰጣል። ቅጠሉ፣ ንፋሱ፣ ወፉ ተሰምቶ ሳያልቅ ፒያኖ የሚነካ የለም።

«እኔን ዝናብ በመጣ ቁጥር ቆርቆሮ ሥር ያቆመኝ ነበር» አለ አሁን ታክሲ የሚነዳው ወፍራም ሰውዬ። «‹የትኛው ጠብታ ቀደመ? የትኛው ዘገየ?› ይለኛል። እናቴማ ‹ለሙዚቃ ብልከው ጉንፋን ይዞልኝ መጣ› ብላ ልትጣላው ነበር።»

ቤቱ ሳቀ። የለቅሶ ቤት ሳቅ ነው፤ ወዲያው አፍሮ ተሰበሰበ።

«ጎረቤት ዛፍ ያስቆረጠ ለታስ?» አለች አንዲት ነርስ። «አኩርፎ አልጋ ላይ ዋለ፣ እኛም ሳንማር ተመለስን።»

«ያቺ ፒያኖው ውስጥ የፈለፈለችዋ ወፍስ...» ብሎ ባለታክሲው ጀመረና ምላሱን ነከሰ። ሁሉም ልጅቷን አዩ፣ ከዚያ ደግሞ ያላዩ መሰሉ። እሷ ባዶ ብርጭቆዎቹን ለቃቅማ ወደ ማድቤት ገባች።

የወፏን ታሪክ የማያውቅ የለም። ፒያኖው መስኮቱ አጠገብ ነው፤ የጀርባው ጣውላ ተሰንጥቆ ነበር። ወፏ በመስኮት ገባች፣ በስንጥቁ ሾለከች፣ ፒያኖው ሆድ ውስጥ ጎጆዋን ሠራች። ከወፍራሞቹ ድምፆች አንዱ ሲመታ ታዲያ ጎጆው ይንቀጠቀጣል። አባቷ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የዚያን ድምፅ ቁልፍ መዶሻ፣ ውስጥ ሽቦውን የምትመታዋን እንጨት፣ በጨርቅ ወትፎ ድምፁን ዘጋው። «ጫጩቶቹ እስኪበሩ ነው» አለ። ጫጩቶቹ በረሩ፤ እናትየው በዓመቱ ተመልሳ መጣች፣ በዓመቱም እንደዚሁ። ቁልፉ እንደተዘጋ ቀረ። ተማሪዎቹም፣ የማይሰማውን ነገር ለምን እንለፋበታለን ብለው፣ እዚያ ሲደርሱ ጣታቸውን አንስተው መዝለል ለመዱ።

ከሁሉ የባሰባት እሷ ነበረች፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሌላ ፒያኖ አታውቅማ። አድጋ ትልቁ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት ተወዳደረች። አዳራሹ ጢም ብሏል፣ ፒያኖው ያብረቀርቃል፣ ጣቷ ግን እዚያ ድምፅ ላይ በደረሰ ቁጥር ራሱን ብድግ ያደርጋል። አንዱ ዳኛ «ልጄ፣ ይቺ ቁልፍ ምን በድላሽ ነው?» ሲላት አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የትምህርት ቤቱ ነገር በዚያው ቀረ።

ቤት ስትገባ «ከእኔ ወፏ ትበልጥብሃለች?» ብላ ጮኸችበት። በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ አክስቷ ዘንድ ሄደች። በኋላ ታርቀዋል፣ ለይምሰል። ልትጠይቀው ስትመጣ የፒያኖውን ክዳን ከፍቶ ይጠብቃታል፤ እሷ ዘወር ብላ ትቀመጣለች፤ ስለ አትክልቱ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ትሄዳለች። የዚያችን ቀን ጥያቄ ግን አልመለሰላትም። ወፏ ትበልጥ ነበር ወይስ እሷ? አሁን ማንን ትጠይቅ? እስካሁን እንባ አልወጣትም፤ እንባዋን የያዘባት ይኸው ነው።

የፒያኖ ቃኚው ሲመጣ ማድቤት ድረስ ገብቶ ሳማት። የአባቷ የልብ ወዳጅ ነው። ፒያኖው በመንገድ እንዳይናጋ ውስጡን ሊያስርላት ነበር የመጣው። ሳሎን ገብቶ የፊቱን ጣውላ ሲያወልቅ አጠገቡ ቆመች።

«ጋሼ፣ በዚያው ያንን ጨርቅ ያውጡልኝ። የትምህርት ቤቱ ልጆች ደግሞ እንዳይሳቅባቸው።»

ሽማግሌው በመነጽሩ አናት አያት። «የቱን ጨርቅ?»

«የወፏን ነዋ!»

«እሱማ ድሮ ወጥቷል። አንቺ ሻንጣሽን ይዘሽ የሄድሽ ለታ ነው አስጠርቶኝ ያወጣሁት።»

«ጎጆውስ?»

«በገዛ እጁ አነሳው። እንቁላል ነበረበት። ሣጥን ውስጥ አድርጎ ጓሮ ዛፉ ላይ ሰቀለው፣ ወፏ ግን አላወቀችውም። እዚህ መስኮት ላይ ስትመላለስ፣ ስትመላለስ፣ እንቁላሉ በረደ። አባትሽ እዚች ወንበር ላይ ተቀምጦ እያያት አለቀሰ። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው፣ ሌላ ጊዜ አላየሁትም።»

ልጅቷ ወንበሩን ሳብ አድርጋ ቁጭ አለች። «ታዲያ ለምን አልነገረኝም? ሰውስ ለምን አልነገረኝም?»

«ሰውማ አንቺ ፊት የወፍ ስም ማንሳት ይፈራል። እሱን ደግሞ ንገራት፣ ንገራት ስል አፌ ደረቀ። ‹ብነግራት ውለታ አስቆጠርኩባት ማለት ነው› ይለኛል። ‹አንድ ቀን ተናዳም ቢሆን ትመታዋለች፣ ያኔ ትሰማዋለች› ይላል። ሌላው ድምፅ ተበላሽቶ እንኳ ያቺን ቁልፍ ብቻ ያስቃኘኝ ነበር። ‹ስትመጣ ልክ ሆና ትቆያት› እያለ።»

«ግትር!» አለች። «ወይኔ አባቴ! ምን ዓይነት ግትር ሰው ነህ!» ከቀብሩ ጀምሮ እምቢ ያላት እንባ ወረደ።

«አንቺስ ከማን ወሰድሽው?» አለ ቃኚው፣ የራሱን ዓይን በእጅጌው እየጠረገ።

ውጭ የጭነት መኪናው ጡሩምባውን ነፋ። አክስቷ ከበር ብቅ አለች።

«መጥተዋል። ምን ልበላቸው?»

ልጅቷ መጀመሪያ ተነስታ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ማንም ዝም በሉ ያለ የለም፤ ባለታክሲውም ነርሷም ቤቱ በሙሉ ዝም አለ። ዛፉ ላይ ንፋስ ነበር። ተመልሳ ተቀመጠች። ጣቷ እዚያ ቁልፍ ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ ብድግ አለ። በሌላው እጇ ይዛ አወረደችውና ተጫነችው።

ድምፁ ወፍራም ነበር፣ ልክም ነበር።

መኪናው እንደገና ጠራ። «ምን ልበላቸው የኔ ልጅ?» አለች አክስቷ።

«ይሂዱ በያቸው» አለች። ድምፁ ካለቀ በኋላም ጣቷን ከቁልፉ ላይ አላነሳችም።