ከመታቀፊያው የወረደችው ዝይ

ሸዋረገጥ ከነጋ ጀምሮ ንዴቷ አልበረደም። ዝይዋ ዛሬም እንቁላሎቿን ትታ ከመታቀፊያ ቅርጫቷ አጠገብ ቆማለች።

«ምን ያስገትርሻል? ማን ይታቀፍልሽ? እኔ ልግባልሽ?»

ዝይዋ አንገቷን አስግጋ እስስ አለች። ወንዱ ዝይም ከአጥሩ ሥር ክንፉን ዘርግቶ እየሮጠ መጣና የቀሚሷን ጫፍ ነክሶ ጎተተ። በጫማዋ ገፋችው።

ሁለቱን ዝይዎች አምና ከሰኮሩ ገበያ በካርቶን ጭና ስታመጣቸው ጎረቤቱ ሁሉ ስቆባታል። ግቢው በር ላይ ትንሽ ሱቅ ያላት ልጇ ንግስት ግን አልሳቀችም። ወንዱ ዳቦ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ እየነከሰ ደንበኛ አሳጥቷታል። «እማዬ፣ ዘንድሮ ጫጩት ካላየሁ ሁለቱንም ለሰፈሩ ሆቴል ጓሮ ነው የምሰጣቸው» ብላ ቁርጡን ነግራታለች። ሸዋረገጥም መልስ አላጣችም፦ «ታያለሽ! ዶሮ ሳስፈለፍል አርባ ዓመቴ ነው። አንቺን ምን አብልቼ ያሳደግኩሽ መሰለሽ?»

ዝይዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥላ ሰባት እንቁላል ሲሞላላት፣ ሸዋረገጥ ለዶሮዎቿ እንደምታደርገው ትልቅ ቅርጫት በቡና ገለባ ጢም አድርጋ ሞላችላት። ገለባው ከቡና መፈልፈያው በነፃ የሚዛቅ ነው፤ ይለሰልሳል፣ ይሞቃል። ዝይዋም ገብታ ታቀፈች። ቀትር ላይ ብቻ ወርዳ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ትነከርና ውኃው እየተንጠባጠበ ተመልሳ ትተኛለች። እንዲህ ሆና ሁለት ሳምንት አለፈ። ከዚያ በኋላ ነው አልተኛም ማለት የጀመረችው።

ጎረቤቷ ሳቢሃ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«አዴ ሸዋረገጥ፣ ይህቺ ልጅ እኮ ትዳሩ ሰለቻት! እኔ ዶሮዬ እንዲህ ስትሆንብኝ እንቁላሉን ለሌላዋ ነው የምሰጠው፣ ወላሂ።»

«ይሄንን የሚያህል እንቁላል? ያንቺ ዶሮ እዚህ ላይ ብትወጣ ፈረስ ላይ የተቀመጠች ነው የምትመስለው! ሂጂ ወጥሽን አማስይ!»

ሳቢሃ እየሳቀች ቀረች። ሸዋረገጥ ግን ሳቁ አንገበገባት። ዝይዋን በሁለት ክንፏ አፈፍ አድርጋ ቅርጫቱ ውስጥ አስተኛቻት፤ ሌላ ቅርጫት ደፋችባት፤ ድንጋይ ጫነችበት። እምቢተኛ ዶሮ የምትገራው እንዲህ ነው። ዝይዋ ጮኸች፣ ወንዱ ጮኸ፣ ሰፈሩ ተናወጠ።

«እማዬ፣ ትሞትብሻለች!» አለች ንግስት ከሱቋ ብቅ ብላ።

«ትሙታ! እናት አልሆንም ያለች ትሙት!»

ጩኸቱ እየደከመ ሄደ። ያን ጊዜ ሳቢሃ በበሩ ገብታ በቅርጫቱ ቀዳዳ አጮለቀች። «አዴ፣ ይዩዋትማ፣ አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ትኩሳት ይዟት ይሆን?»

ሸዋረገጥ እየተራገመች ድንጋዩን አነሳች። ዝይዋ ተፈናጥራ ወጥታ ሳፋው ውስጥ ወደቀች። አሮጊቷ እንቁላሎቹን ልታስተካክል እጇን ገለባው ውስጥ ሰደደችና ጮኻ መለሰችው። ያቃጥላል። ከሥሩ አንድ እፍኝ ስታወጣ ርሷል፤ በእጇ ላይ ይተናል።

ሽታውን አወቀችው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መጋዘን ውስጥ ቡና ስትለቅም ዝናብ የመታው የገለባ ክምር ከሆዱ ሲጨስ አይታለች። «እርጥቡን አትከምሩ!» እያለች ወዛደሩን የምትሳደበውም እሷ ነበረች። ዶሮ ሳፋ ውስጥ አትነከርም፤ ለዶሮ ያስቀመጠችው ገለባ አንድም ቀን ረጥቦ አያውቅም።

የምትሰድበው ሰው ፈልጋ ዞር ዞር አለች። ሳቢሃ ምንም አልገባትም። ንግስት እየመጣች ነው። እንቁላሉ ድሮም ፍሬ አልነበረውም ብትል ማን ያውቅባታል?

«እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። «በገዛ እጄ ቀቀልኳቸው! ሰማሽ ንግስት? ገለባው ረጥቦ ነዷል!»

ንግስት ቅርጫቱን ይዛ ገባች። የስልኳን መብራት አብርታ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ጨለማው ጓዳ ውስጥ አየቻቸው። መሃል የነበሩት አምስቱ ጠቁረው ቀጥ ብለዋል። ከዳር የነበሩት ሁለቱ ግን…

«እማዬ፣ ይንቀሳቀሳል።»

«ታዲያ ምን ትገተሪያለሽ! ሳቢሃ፣ ጭድ! ደረቅ የጤፍ ጭድ! የቡና ገለባ ይዘሽብኝ እንዳትመጪ!»

መሬቱ ላይ ጭድ ጎዝጉዘው ሁለቱን እንቁላል አስቀመጡ። ዝይዋ ከሩቅ ቆማ አየች። ብዙ ቆማ ቀስ ብላ መጣች፤ በመንቆሯ አገላበጠቻቸው፤ ላያቸው ላይ ተቀመጠች።

«እንግዲህ እስኪፈለፈሉ እጠብቃለሁ» አለች ንግስት።

«ባይፈለፈሉስ? ባይፈለፈሉም ንክች አታደርጊያትም! ለሆቴሉ የምትሰጪው ካለ እኔን ስጪ። እሷ ምን አጠፋች? ከእሳት ነው የወረደችው። እኔ ደግሞ እናት አይደለሽም እያልኩ መልሼ ከተትኳት፤ ድንጋይ ጫንኩባት!»

«አንቺንማ ሆቴሉም አይቀበልሽም። ዝይዎቹ ይቀመጡ በቃ፣ እንቁላሎቹ ቢፈለፈሉም ባይፈለፈሉም።»

«አትሳቂ! የሚያስቅ ነገር የለም!» አለች ሸዋረገጥ። የተቃጠለ እጇን በቀሚሷ ሸሽጋ ከዝይዋ ራቅ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።