ምንይችል ዝም ያለ ጊዜ

"ደሴ! ደሴ፣ ሁለት ሰው የቀረው!" ምንይችል ይጣራል። ሚኒባሱ ውስጥ ያሉት ግን ሹፌሩ ኑርዬና ልጁ ሳጂዳ ብቻ ናቸው።

ሳጂዳ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ አባቷን ታያለች። ተማሪ ሳለች ልምምድ የሠራችበት የአዲስ አበባ ላቦራቶሪ አሁን ለሥራ መርጧታል፤ መምጣት አለመምጣቷን እስከ ቀትር ማሳወቅ አለባት። ኑርዬ ከትናንት ጀምሮ "አይሆንም" እንዳለ ነው። ኮሮና በገባ ጊዜ እሱ ራሱ ኦክስጅን ተሰክቶለት በስንት ዱዓ የተረፈ ሰው ነው። ልጁን ከዚያ በሽታ ጋር አንድ ክፍል ሊዘጉባት?

የሥራዋን ወሬ በከተማው የነዛው ግን ራሱ ኑርዬ ነው። ልጅቱ ለዒድ መጥታ "የኮሮናን ጂን ዝም ማሰኘት ነው የምናጠናው" ብትለው ለሐይቅ ሰው ሁሉ አዳረሰው። የሰማው ሁሉ ደግሞ እንደየቤቱ ተረጎመው።

ጎረቤታቸው ጸዳለ የሽንኩርት ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች በመስኮቱ ብቅ አለች።

"ሳጂዬ፣ ያ ዝም የምታሰኙበት ነገር ለሰውም ይሆናል? ወንዱ ሲያንኮራፋ አርዲቦ ሐይቅ ድረስ ይሰማል።"

"ለባል እንኳ ገና አልተገኘም፣ እትዬ ጸዳለ።"

"እንግዲያ ከኮሮናው ጀምሪ" ብላ ሄደች።

ኑርዬ ሊስቅ ሲል ኩርፊያው ትዝ አለው። "እስቲ ንገሪኝ፣ ያን አውሬ አፉን በምን ትይዥዋለሽ?"

ሳጂዳ በመስኮቱ ወደ ምንይችል ጠቆመች። "ቫይረሱ ሰውነታችን ገብቶ እንደ ጋሽ ምንይችል ይጣራል። 'እኔን አባዙ' ይላል፤ ሴላችንም ሰምቶ ያባዛዋል። እኛ የምንሠራት አር ኤን ኤ የምትባል ትንሽዬ ክር ያንን ትእዛዝ ፈልጋ ትለጠፍበታለች። ያኔ ሴሉ ራሱ ትእዛዙን ይቆራርጠዋል።"

"ስለኔ ነው የምታወሩት?" አለ ምንይችል።

"ዝም ልናሰኝህ ነው" አለው ኑርዬ።

ምንይችል ተቀየመና አፉን ዘጋ። ወዲያው ዓሣ የያዙ ነጋዴዎች መጡ፤ የሚጠራቸው ቢያጡ አልፈው ከኋላ ያለው የሐቢብ መኪና ውስጥ ገቡ። ሌሎችም ተከተሏቸው። ኑርዬ በስፖኪዮው እያየ ቆየ።

"ወላሂ ይሠራል" አለ፤ ከዚያ ሳቁ አመለጠው።

"ደግሞ አባ፣ እኛ ጋ ሙሉው ቫይረስ የለም። የጂኑ ቁራጭ ብቻ ነው፤ ቁራጩ ማንንም አያሳምምም።"

"ይሄን ከትናንት ጀምሮ አትነግሪኝም?"

"መች አስጨረስከኝ?"

ኑርዬ መሪውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። "መድኃኒቱስ ደረሰ?"

"ገና ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል፤ ሳንባ ድረስ ማድረሱ ነው ያስቸገረው።"

"የቸገራችሁ መንገድ ነዋ። ይሄን እኮ ሹፌር ብትጠይቁ ይሻላል።" ሞተሩን አስነሳ። "ምንይችል፣ አትቀየም ወንድሜ። ተራዬን ለሐቢብ ስጠው።"

"አንተስ ወዴት ነህ?"

"ቤት። የልጅቷን ሻንጣ ላነሳ።"