ዶሪን ደራሲዋ ቤት የሄደች ዕለት

«ኧረ እባክዎ! ኧረ ይተዉት!»

ኖርማን ጽጌረዳው ሥር ተንበርክኮ የብስኩት ቆርቆሮውን ክዳን እየከፈተ ነበር። ድምፁን ሲሰማ መልሶ ከደነውና እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ ቀና አለ። ሙዚየም የሆነው የደራሲዋ ቤት አትክልት ተንከባካቢ ሂላሪ ጭቃ የነካውን ጓንቷን እያወለቀች በጠጠሩ መንገድ ትመጣለች።

«አበባውን እያየሁ ነው» አለ ኖርማን።

«ከነቆርቆሮው? ያውም በጓሮ በር ገብተው?»

ከኋላው የቆመችው ሴት ልጁ ሄዘር በሐፍረት ፊቷን ሸፈነች። «እናቴ ናት» አለች። «ሬሳዋ ተቃጥሎ የቀረው አመድ ነው። እዚህ በትኑኝ ብላ ተናዝዛ ነው የሞተችው።»

ሂላሪ ምንም አልደነገጠች። ኖርማንን ያበገነውም ይኸው ነው።

«ነፍሳቸውን ይማር» አለች። «በዚህ ሰሞን ስንተኛዋ እንደሆኑ እንጃ። ከዓለም ዙሪያ ነው የሚመጡት። ግን አይቻልም። አመዱ ሥሩን ይገድለዋል፤ አምና ግድግዳው ሥር ያለው ጽጌረዳ እንዳለ የደረቀው በዚሁ ነው። ደግሞ እናንተ ዞር ስትሉ እኛ በአካፋ አፍሰን ጥራጊው ክምር ላይ ነው የምንደፋው። እውነቱን ልንገራችሁ ብዬ ነው።»

በሌሊት ከሃደርስፊልድ ተነስተው ያን ሁሉ መንገድ የመጡት እንግዲህ ይህን ለመስማት ኖሯል።

ኖርማን ዕድሜውን የአውቶቡስ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። ከዚህች ደራሲ መጻሕፍት አንድ ገጽ አንብቦ አያውቅም፤ እሷን ግን አጥብቆ ይጠላታል። ከሞተች ሁለት መቶ ዓመት ያለፋት ሴት ትዳሩ ውስጥ ገብታ ኖራለች። ሚስቱ ዶሪን እራት ካነሳች በኋላ ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ትልና እነዚያኑ መጻሕፍት እንደ አዲስ ታነባለች። ብቻዋን ትስቃለች። «ምን ያስቅሻል?» ሲላት «ምንም» ትለዋለች።

«መጨረሻውን ታውቂው የለም እንዴ? ልጅቷ ያው ታገባለች!» አላት አንድ ቀን።

ዶሪን ዓይኗን ከመጽሐፉ አነሳች። «እዚህ ውስጥ ያሉት ወንዶችም እንዳንተው ይሳሳታሉ። ግን ይቅርታ ይጠይቃሉ» አለችውና ወደ ንባቧ ተመለሰች። እሱም ሳሎን ገብቶ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ።

የደራሲዋን ቤት ለማየት ጓጉታ ነበር የኖረችው። «የሚቀጥለው ዓመት» ይላታል። በጋው ሲመጣ ያው ተጎታች ቤታቸውን ይዘው ስካርቦሮ ባሕሩ ዳርቻ ይወርዳሉ፤ ዓሣና ድንች ይበላሉ፤ ዝናብ ያያሉ። የሚቀጥለው ዓመት ሲመጣም ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት። አይ ኖርማን! በመጨረሻ ዓመቱ ሳይሆን በሽታው መጣ። ሆስፒታል ተኝታ ኑዛዜዋን የነገረችው ለእሱ አይደለም፣ ለሄዘር ነው። እስከ ዛሬ አንጀቱን የሚያቃጥለው ይህ ነው።

«በቃ!» አለ ጉልበቱን ይዞ እየተነሳ። «አይቻልም ተባለ፣ አይቻልም። እናቴ መቃብር ጎን ቦታ አለን። እዚያ ትገባለች።» እግዜር ይቅር ይበለውና፣ በሆዱ ደስ ብሎታል።

«ከአያቴ ጎን?» አለች ሄዘር። «አባዬ፣ እማዬና አያቴ እኮ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው አያውቁም! ለዘላለም ልታጎራብታቸው ነው?»

«ቤተሰብ ነና!»

«የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው።»

«እኔን መቼ ለመነችኝ? አንቺን ነው እንጂ!»

«አንተንማ ዕድሜዋን ሙሉ ለመነችህ!»

ሂላሪ ሰምታ እንዳልሰማች ጓንቷን አራገፈች። «እኔ ምን አገባኝ» አለች ቆይታ፣ «ግን አንድ ነገር ሁሌ ይገርመኛል። ሴቶቹ በሕይወት ሳሉ ከእህታቸው ጋር ይመጣሉ፣ ከጓደኛቸው ጋር ይመጣሉ፣ ብቻቸውንም ይመጣሉ። ባል ይዟቸው የሚመጣው ከሞቱ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ስድቡ ከመግቢያው ጋር ነው የሚሸጠው?»

«እርስዎ ደግሞ መቼ ከፍለው ገቡ?» አለችና በእጇ ከአጥሩ ባሻገር አመለከተች። «ያ ሜዳ የእኛ አይደለም። ደራሲዋ በእግሯ ስትመላለስበት የነበረ ነው ይባላል። እዚያ አካፋ ይዞ የሚመጣ የለም። እኔም አላየሁም።» ጋሪዋን እየገፋች ሄደች።

ኖርማን ቆርቆሮውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከሩቅ አገር የመጡ ሁለት ወጣት ሴቶች፣ የደራሲዋን ዘመን ባርኔጣ አገጫቸው ሥር አስረው፣ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። አንዷ ለሌላዋ የደራሲዋን መጽሐፍ ታነብላታለች፤ በየመሐሉ ሁለቱም በሳቅ ይፈርሳሉ። ኖርማን ሳቁን ያውቀዋል። ከኩሽና ይሰማው የነበረ ሳቅ ነው።

«ምኗ ነው እንዲህ የሚያስቃቸው?» አለ።

«እማዬ ልታነብልህ ጀምራ አልነበር?» አለች ሄዘር። «እንቅልፍ ወሰደህ።»

ኖርማን ሳቃቸው እስኪያበቃ አዳመጠ። «እሺ» አለ በመጨረሻ። «ሜዳው ላይ ይሁን።»

ሄዘር እንባዋን ጠረገች። «አንተስ? ቀንህ ሲደርስ የት ይሁንልህ? እዚሁ ከእሷ ጋር?»

ቆርቆሮውን በእጁ አዟዟረው። «እናቴ ጎን ነዋ» አለ። «እዚህ ና አላለችኝም።»

ሄዘር ክንዱን ያዘችው።

ኖርማን ተነሳ። ወደ ሜዳው ሳይሆን ወደ ቤቱ መግቢያ ሲያዘግም ሄዘር ተከተለችው። «አባዬ፣ መንገዱ እኮ በዚያ ነው!»

«አውቃለሁ። መጀመሪያ እሷ ቤቱን ትይ።»

ትኬት የምትቆርጠው ወጣት ፈገግ አለች። «ስንት ሰው?»

«ሦስት።»

ልጅቷ ከኋላቸው ሌላ ሰው ፈልጋ አጣች። ኖርማን ቆርቆሮውን በቀስታ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ልጅቷ አየችው፣ ሄዘርን አየች፣ ከዚያ ምንም ሳትጠይቅ ሦስት ትኬት ቆረጠች። ነገሩን ልታለሳልስ ብላ ነው መሰል፣ ድምፅዋን ሞቅ አድርጋ «ዋጋው ያው ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል» አለች። «ዛሬ ባይበቃችሁ የሚቀጥለው ዓመት መምጣት ትችላላችሁ!»

ኖርማን ቆርቆሮውን አንስቶ ደረቱ ላይ ያዘው።

«አይ፣ የኔ ልጅ» አላት። «የዛሬውን ብቻ ስጪን።»