የቫልዴሚር ብየዳ

ገና እየተገነባ ባለው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ እኔ በያጅ ነኝ፤ የወንድሜ ሚስት ዡሳራ ደግሞ ብየዳ መርማሪ። ወንድሜ ቫልዴሚርም በያጅ ነበር። በካርኒቫል በዓል ሰሞን ሞተር ሳይክል ገደለው። ዡሳራ ቀብሩ ላይ አንድ ዘለላ እንባ አላወጣችም፤ እኔም ይህን ይቅር አላልኳትም።

ትናንት የማቀዝቀዣውን ቧንቧ ራጅ በመብራት አየችና "ይህን ብየዳ ቁረጠው" አለችኝ።

በያጅ ሁሉ ከሠራው አጠገብ ብረቱ ላይ መለያ ቁጥሩን ይመታል። ጠጋ ብዬ ሳይ ቁጥሩ የቫልዴሚር ነው። ሌሎቹ ሥራዎቹ ኮንክሪት ውስጥ ተቀብረዋል፤ ለዓይን የቀረችን ይህቺው ነበረች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ልብ የለሽም? ብየዳው ውስጥ የቀረች፣ የሩዝ ፍሬ የማታህል የአየር አረፋ እኮ ናት!"

"ኤድሚልሶን፣ የውሃው ግፊት የማን ባል እንደበየደው አይጠይቅም። ቁረጥ!"

እየተሳደብኩ ቆረጥኩት። ቁጥሩ ብናኝ ሆኖ ጫማዬ ላይ ረገፈ። እንደገና በየድኩና የራሴን ቁጥር መታሁ።

ዛሬ ጠዋት አዲሱን ራጅ ይዛ መጣች፤ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ንጹሕ ነው" አለች። "ከእሱ ይሻላል።"

ከዚያም የእሱ ቁጥር የነበረበትን ቦታ በመዳፏ ሸፍና፣ ቀብሩ ላይ ያላለቀሰችውን አለቀሰችው።